ሰሚ ፈልጎ ዳኛ ያገኘ ልጅ

ርዕሱን አይታችሁ ‹‹እነዚህ ደግሞ ዛሬ ምን ሊሉ ነው?›› ብላችሁ ከሆነ አልተሳሳታችሁም። ዛሬ የምናነሣው ብዙ ሰው ሰምቶ ያልሰማ የሚመስልበትን ጉዳይ ነው። ስድቡን ከወዲሁ ተቀብለናል። ግን እስቲ እስከ መጨረሻው አንብቡንና ከዚያ በኋላ ተሳደቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

አንድ ወዳጅ አለን። ተወልዶ ያደገው ሽንዲ ነው፤ ከቡሬ ወደ ምዕራብ ገባ ሲሉ በምትገኘው፣ በቆሎና በርበሬ በሚመረትባት የወምበርማ ከተማ። (ማንነቱ እንዳይታወቅ ከታሪኩ አንዳንድ ነገር ቀይረናል፤ እንድንጽፈውም ፈቅዶልናል።) ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ራሱ አንድ ነገር ያውቃል፤ ልቡ የሚደነግጠው ለሴት ሳይሆን ለወንድ ነው። ይህን ለማንም ሳይነግር ሆድ ይፍጀው ብሎ ዐሥር ዓመት ኖረ። ጾመ፣ ሰገደ፣ ተሳለ። እናቱ የልጃቸው ትካዜ ሲበዛባቸው ‹‹ዐይነ ጥላ ቢሆን ነው›› ብለው ጸበል አስጠመቁት። ዕድሜው ለጋብቻ ሲደርስ ደግሞ ከአባቱ ወዳጅ ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ተገኘችና ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆረጠ። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ ጎሕ ሲቀድ ቡሬ መናኸሪያ ሄዶ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ያዘ።

አዲስ አበባም ጭንቀቱን አላራገፈችለትም። እንቅልፍ እምቢ አለው። ምግብ አስጠላው። ‹‹ብሞትስ?›› የሚል ሐሳብ ይመላለስበት ጀመር። አንድ የሥራ ባልደረባው ‹‹ለምን ሳይኮሎጂስት ጋ አትሄድም?›› አለው። ከደመወዙ ቆጥቦ ወደ አንድ የግል የምክር አገልግሎት ሄደ። በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ላቡ እየወረደ፣ የሆዱን አወጣው። አማካሪው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጥያቄ ጀመረ፤

‹‹ልጄ፣ ይሄ እኮ ያንተ ሐሳብ አይደለም። ጸበል ገብተሃል?››

‹‹ገብቻለሁ ዶክተር።››

‹‹ስንት ቀን?››

‹‹ሁለት ሱባዔ።››

‹‹እህ! አልጨረስክማ!››

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። አማካሪው በማግስቱ ካርዱ ላይ ‹‹ለአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ሰው›› በሚለው ቦታ ወደ ተጻፈው ስልክ ደወለ። ስልኩ የታላቅ ወንድሙ ነበር። ‹‹ለልጁ ደኅንነት ብዬ ነው›› እያለ ሁሉንም ዘረገፈው። እናላችሁ… ያ ልጅ ከዚያ ወዲህ ለፋሲካ ሽንዲ ገብቶ አያውቅም። እናቱ ተደብቀው ስልክ ያነሡለታል። ወንድሙ ግን ‹‹እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው አልተወለደም›› ብሎ ቁርጡን ነግሮታል።

ይህ ልጅ የከፈለው ለምክር ነበር፤ የተሰጠው ግን ፍርድ ነው። ሰሚ ፈልጎ ሄደ፣ ዳኛ ተቀምጦ ጠበቀው። አማካሪው ክፉ ሰው አይመስለንም። የረዳው መስሎታል። እኛን ያስፈራንም ይኸው ነው። ክፉን ሰው ታውቀውና ትሸሸዋለህ፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ ‹‹ላግዝህ›› ከሚልህ ሰው ግን እንዴት ትሸሻለህ?

‹‹ሕጉ ነው የያዘን››

ይህን ጉዳይ ባነሣን ቁጥር ከባለሙያዎች አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ሰበብ ‹‹ሕጉስ?›› የሚል ነው። እሺ፣ ሕጉን እንክፈተው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ከራስ ፆታ ጋር የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ድርጊት በቀላል እስራት ይቀጣል። ከእሱ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በአንቀጽ 600 ይቀጣ ነበር። ሁለት ጎልማሶች ወደውና ፈቅደው በገዛ ቤታቸው ለሚያደርጉት ነገር እስር ቤት መኖር የለበትም ብለን እናምናለን። ግን ለዛሬው ክርክራችን አንቀጹ እስኪሰረዝ መጠበቅ እንኳ አያስፈልገንም። አንቀጹ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ሰው በልቡ ማንን እንደሚወድ፣ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ፣ ሌሊት ምን እያሰበ እንደሚያለቅስ የሚቀጣ አንቀጽ የለም። የሚያለቅስን ሰው መስማትም ወንጀል አይደለም።

‹‹የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ›› የሚሉም አሉ። የለባችሁም! ወንጀል ሳያሳውቅ የቀረን ሰው የሚቀጣው አንቀጽ 443 የሚናገረው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ስለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። ቀላል እስራት ከዚያ ጋር ምን አገናኘው? በተቃራኒው አንቀጽ 399 አለላችሁ። በሙያው ምክንያት ያወቀውን ምስጢር አሳልፎ የሰጠ ሐኪም፣ ነርስ፣ ጠበቃ፣ የሃይማኖት አባትና የመሳሰለው ባለሙያ ተበዳዩ ሲከስ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የግል ሕይወት እንዲከበር ያዛል። እንግዲህ ፍረዱ! ከሁለቱ ሕግ የተላለፈው ማን ነው? የሆዱን የተናገረው ልጅ ወይስ ስልክ የደወለው አማካሪ?

‹‹ታዲያ ለምን አይከስም?›› ብትሉ፣ መክሰስ ማለት ችሎት ቆሞ ያንኑ ምስጢር በገዛ አፍ መድገም ነውና። ምስጢሩ የባከነበት ሰው ፍትሕ የሚያገኘው ምስጢሩን ሁለተኛ በማባከን ብቻ ከሆነ ዝም ይላል። እኛ ሀገር ብዙ አማካሪ ሳይጠየቅ የሚኖረው በዚህ ዝምታ ላይ ተደላድሎ ነው።

‹‹በሽታ ነው፣ ይድናል››

ሁለተኛው ሰበብ በሳይንስ ስም የሚቀርበው ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. አወጣው። ይኸው ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀውና ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛ የበሽታዎች መዝገቡ፣ ሲወለዱ ከተሰጣቸው ፆታ ሌላ የሚሰማቸውን ሰዎች ጉዳይም ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። ‹‹የፈረንጅ ነገር ነው›› ለምትሉ፣ ያ መዝገብ ሲጸድቅ የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት የእኛው የቀድሞ ጤና ጥበቃ ሚኒስትር ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም ናቸው። የእኛ አማካሪዎችስ የሚሠሩት በየትኛው መዝገብ ነው?

‹‹አፍሪካ ውስጥ የማይሞከር ነው›› የሚባለውም ልክ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ለአባላቱ መመሪያ አውጥቷል፤ የዚህ ማንነት ባለቤት የሆነ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሳይፈርዱበትና ‹‹ላስተካክልህ›› ሳይሉት እንዴት እንደሚያግዙት የሚያስረዳ መመሪያ። የሕንድ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2018 እ.ኤ.አ. ‹‹ይህ በሽታ አይደለም›› ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ሕንድ እንደ እኛው ሃይማኖተኛ፣ እንደ እኛው በሽማግሌ የምትዳር ሀገር ናት።

‹‹ይለወጣል›› የሚለው ትምህርትስ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከጎጃም ገዳማት እንዳይመስላችሁ! ‹‹በንግግር ሕክምና ይቀየራል›› የሚለው ሐሳብ በብዛት የተመረተው አሜሪካ ነው። ሮበርት ስፒትዘር የተባሉ ታዋቂ የአእምሮ ሐኪም አንዳንድ ሰዎች ሊለወጡ ይችላሉ የሚል ጥናት በ2001 አቀረቡ፣ በ2003 አሳተሙ። በ2012 ግን ጥናቱ ያን ሊያረጋግጥ የሚችል እንዳልነበር አምነው ይቅርታ ጠየቁ። ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የሚባለው፣ ሰዎችን በጸሎትና በምክር ‹‹እለውጣለሁ›› ሲል የኖረ ድርጅት ደግሞ በ2013 መሪው ይቅርታ ጠይቀው ተዘጋ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) የዓለም የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2016 ይህ ዓይነቱ ‹‹ሕክምና›› ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና ጎጂ እንደሆነ አስታወቀ።

አያችሁ ወገኖች? ‹‹ከውጭ የመጣ ነው›› እየተባለ የሚረገመው ልጁ ነው፤ ከውጭ የመጣው ግን ‹‹መድኃኒቱ›› ነው። ያውም ሠሪዎቹ ይቅርታ ጠይቀው የጣሉት አሮጌ መድኃኒት!

‹‹ባህላችን አይደለም››

ሦስተኛው ሰበብ የሁላችንም ነው። እኛም ስንለው አድገናል። ግን እስቲ ቋንቋችንን እንጠይቀው። ‹‹ወንዳ ወንድ›› የሚለውን ቃል ማን አስተማረን? ‹‹ሴታ ሴት›› የሚለውንስ? በየሰፈሩ፣ በየቀዬው እንዲህ የሚባል ሰው ስለነበረ አይደለም እንዴ ቃሉ የተፈጠረው? ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ስለ አማራው ገበሬ አኗኗር በ1957 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ እንደ ሴት የሚኖሩ ወንዶችን አንሥቷል። ገበሬው እንደ እግዜር ስሕተት ያያቸው እንደነበር ጽፏል። ‹‹የእግዜር ስሕተት›› መባል ክብር አይደለም፤ እናውቃለን። ግን እነዚህ ሰዎች ያኔም በመካከላችን እንደነበሩ ይመሰክራል። ዛሬ ዲግሪ ይዘን ‹‹ባህላችን አይደለም›› እንላለን።

ሃይማኖትንም አንሸሽም። ቤተ እምነቶቻችን ድርጊቱን እንደሚያወግዙ፣ ፍትሐ ነገሥቱም እንደሚያወግዝ እናውቃለን። አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ። ንስሐ አባት የሰማውን ያወጣል? ‹‹ቢሞት አያወጣም›› ተብለን አይደል ያደግነው? ንስሐ የገባውን ልጅ ምስጢር ለወንድሙ ደውሎ የሚነግር ቄስ ቢገኝ ሽንዲ ውስጥ ማን ደጁን ይረግጣል? ታዲያ ያ አማካሪ ‹‹ባህሌንና ሃይማኖቴን አስከበርኩ›› ሲል የትኛውን ነው? ከሳይንሱም ከንስሐውም ሳይሆን ነው የቀረው። ደግሞም ለነፍሱ ቄስ የሚፈልግ ሰው ቄስ ጋ ይሄዳል፤ መንገዱን ያውቀዋል። ወደ አማካሪ የመጣው ሌላ ነገር ፈልጎ ነው።

ለሽንዲ ልጅ ሁለት በር ሲዘጋ

‹‹ይሄ የቦሌ ልጆች ጉዳይ ነው›› የምትሉም አትጠፉም። አይደለም። እንዲያውም የሚከፋው ለገጠሩ ልጅ ነው።

የነሐሴ 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳምንትን አስታውሱ። አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው የሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ፤ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ እየተለጠፈ ‹‹ይሄ ነው፣ ይቺ ናት›› ይባል ነበር። ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው፣ ለእነዚህ ወገኖቻችን መብት የሚከራከረው ድርጅት ‹‹ሰው እየተጠቃ ነው›› ብሎ ጮኸ። በዚያው ሰሞን ደግሞ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገባ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታሉ ሰው ለዜና ወኪል ተናገሩ። ስሟ ‹‹የሰላም መንገድ›› ማለት በሆነ ከተማ!

ታዲያ የሽንዲ ልጅ በዚያ ወር ወዴት ይሂድ? አዲስ አበባ ቢገባ ይጠቆምበታል፤ ቤቱ ቢቀመጥ ጥይት አለ፣ ስልኩ ላይ ሩቅ ያለ ሰሚ እንዳይፈልግ ኢንተርኔት የለም። የአእምሮ ሐኪምማ ድሮም ብርቅ ነው። ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ሀገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለረጅም ዘመን ‹‹አማኑኤል ሄደ›› ማለት ራሱ ስድብ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጎጃም ብዙ አማካሪ ያስፈልገዋል። ልጅ የሞተባት እናት አለች፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ተማሪ አለ፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ ገበሬ አለ። አማካሪዎች ሠልጥነው ወደ ቡሬና ወደ ሽንዲ መሄዳቸው የግድ ነው። ያኔ ከሚመጡት መሐል አንዱ የእኛ ወዳጅ ዓይነት ልጅ ይሆናል። ከሠልጣኞቹ አንዷ ‹‹ስንት ሱባዔ ገባህ?›› ብላ ብትጀምር ያ ልጅ ለጦርነቱም ሐዘን ሳይታከም ይወጣል። አንድ ሰው ላይ የተዘጋ በር የተዘጋው በሁለንተናው ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለባለሙያዎች ሦስት ቃል አለን። አንደኛ፣ ሳያስፈቅዳችሁ ለማንም አትደውሉ። ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር ‹‹ለደኅንነቱ›› የሚባል ሰበብ የለም። ሁለተኛ፣ ልባችሁ ካልተቀበለው ‹‹በዚህ ጉዳይ ጥሩ ላግዝህ አልችልም፣ ሌላ ሰው ልፈልግልህ›› በሉ። ይህ ማፈር አይደለም፣ ሐቀኝነት ነው። የማትችሉትን ልጅ ግን አትንኩት። ሦስተኛ፣ የሙያ ማኅበሮቻችሁና የምትማሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ገጽ መግለጫ ያውጡ፤ ‹‹ደንበኛችን ማንም ይሁን ማን ምስጢሩን እንጠብቃለን፤ ያልታመመን ሰው አናክምም›› የሚል። ሕግ ማሻሻል አያስፈልገውም፣ በጀት አያስፈልገውም። ድፍረት ብቻ!

ሰሚ ለምትፈልጉ ደግሞ ከወዳጃችን ስብራት የተማርነውን እናካፍላችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አትዘርግፉ። በእንቅልፍ ማጣታችሁ ጀምሩ፤ እሱም እውነት ነው። ‹‹የምነግርዎትን ነገር ለማን ይነግራሉ?›› ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ‹‹ሕይወትህ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ ለማንም›› የሚል መልስ ጥሩ መልስ ነው። ‹‹ቤተሰብ ማማከሬ አይቀርም›› ከተባላችሁ ሂሳባችሁን ከፍላችሁ ውጡ። ‹‹አንድ ዘመዴ እንዲህ የሚባል ነገር አለበት ይላሉ…›› ብላችሁ በሌላ ሰው አሳብባችሁ ፈትኑ፤ ‹‹ይድናል›› ካሏችሁ መልሱን አገኛችሁ። ካርድ ላይ የምትሞሉት ስልክ የምታምኑት ጓደኛ ይሁን። ኢንተርኔት ላይ ‹‹አማካሪ ነኝ›› ለሚል ለማታውቁት ሰው ፎቶና ሙሉ ስም አትላኩ። ‹‹ብሞትስ?›› የሚለው ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን ይህን ሁሉ ፈተና ሳትጠብቁ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱ። የምትወዱትን ሰው ፆታ ሳትናገሩ ስለ ጭንቀቱ ብቻ ተናግራችሁ መታከም ትችላላችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት አንድ ቃል አለ፤ ‹‹ዜጋ››። መንገድ ላይ ‹‹ቡሽቲ›› ተብሎ የሚሰደብ ሰው ለራሱ የመረጠው ስም ነው። ዜጋ! ከዚህ በላይ የሚጠይቀን ነገር ያለ አይመስለንም። ለሌላው ዜጋ የሚሰጠው ወንበር፣ የሚዘጋው በር፣ የሚጠበቀው ምስጢር ለእሱም ይሰጠው።

ወዳጃችን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በስንት ልመናችን፣ ሌላ አማካሪ ጋ ሄደ። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ። ገና ሲያያቸው ልቡ ወረደ። በአራተኛው ቀጠሮ ግን እንደ ምንም ተናገረ፤ ከዚያም ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ፍርዱን ጠበቀ።

‹‹እሺ›› አሉት። ‹‹ይሄን ብቻህን ስንት ዓመት ተሸከምከው?››

ይኸው ነው። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በየከተማው እንዲኖር ነው፤ በአዲስ አበባም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በሽንዲም። ልጁ ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ ተኛ።

ቸር ይግጠመን!